በመጠነኛ ዋጋ ጥሩ ስፖቲንግ ስኮፕ ለመግዛት

ቢሾፍቱ፣ ጨለለቃ ሐይቅ ዳር፣ ጭቃው ላይ የሚርመሰመሱትን ትንንሽ ወፎች በባይኖኩላር ማየት ይቻላል። ከመስከረም ጀምሮ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት እነዚህ እንግዶች እርስ በርሳቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። የእግራቸው ቀለም፣ የመንቆራቸው ርዝመትና የጀርባቸው ዥጉርጉር በደንብ ካልታየ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ባሌ ሳነቲ ላይም ነገሩ ይኸው ነው። አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ያደፈጠ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ በባይኖኩላር ይታያል፤ ጆሮው ላይ የተመራማሪዎች ምልክት መኖር አለመኖሩን፣ ሴት ከሆነች እያጠባች መሆን አለመሆኗን ለማወቅ ግን ከዚያ የበለጠ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ያ መሣሪያ ስፖቲንግ ስኮፕ ይባላል፤ ብዙ ሰው በአጭሩ ስኮፕ ይለዋል። በአንድ ዐይን የሚታይበት፣ ትሪፖድ ላይ የሚቆም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 60 እጥፍ የሚያቀርብ አጉሊ መነጽር ነው። የተለመደው ባይኖኩላር የሚያቀርበው 8 ወይም 10 እጥፍ ነውና ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። ለአስጎብኚ፣ ለወፍ ተመልካች፣ ለፓርክ ጠባቂና ለአዳኝ መሪ እንዲህ ያለ ዕቃ የሥራ መሣሪያ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። በዓለም የታወቁት ምርጦቹ ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣሉ፤ በርካሽ የሚሸጡት ደግሞ ብዙዎቹ ገንዘብ ማባከኛ ናቸው። በሁለቱ መካከል ግን አቅም የሚፈቅደው፣ ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ አለ። እሱን ለማግኘት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ያስቡባቸው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ትልቅ የማጉያ ቁጥር አይግዙ፤ ገንዘብዎን በመስታወቱ ጥራትና በትሪፖዱ ላይ ያውሉት።

መጀመሪያ፦ ከየት ሆነው ነው የሚያዩት?

ይህን ሳይመልሱ ሱቅ አይግቡ። መኪናዎን ላንጋኖ መንገድ ዳር አቁመው፣ አብያታና ሻላ ሐይቅ ዳር ተክለው ፍላሚንጎ የሚያዩ ከሆነ ክብደት አያስጨንቅዎትም፤ የፊት ሌንሱ 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ ስኮፕ ይግዙ። ስሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃ በር ተነስተው ጊጭን አልፈው ጨነቅ ድረስ በእግር የሚጓዙ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለ 80ው ስኮፕ ብቻውን 1.5 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ከደህና ትሪፖድ ጋር 4 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል። ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ይሰማል። ለእግረኛ የሚበጀው ከ60 እስከ 65 ሚሊ ሜትር ነው። ከብዶት ቤት የተቀመጠ ትልቅ ስኮፕ ቦርሳ ውስጥ ካለ ትንሽ ስኮፕ አይበልጥም።

ለአደን የሚፈልጉትም ሰዎች መልሳቸው ወደ ትንሹ ያደላል፤ የአዳኝ መሪ ሸንተረር ለሸንተረር የሚሄድ ሰው ነውና። እዚህ ላይ ስኮፑ የሚሠራው ከጥይት በፊት ነው። የደጋ አጋዘን ሴቷ ቀንድ የላትም። ከወንዶቹ ደግሞ ዕድሜው የገፋውን ከጎረምሳው የሚለዩት የቀንዱ ርዝመትና ጥምዝ እንዲሁም የፀጉሩ መጥቆር ናቸው። ይህን ከማዶ ሆኖ መለየት የማይችል መሪ ያልተፈቀደውን ያስመታል። አንዳንዶች በጠመንጃው ላይ በተገጠመው መነጽር ሲቃኙ ይታያሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው፤ ቁጥቋጦው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው እንጨት ለቃሚ ቢሆን አፈሙዝ ተደቅኖበታል ማለት ነው። አደኑ ራሱ የሚፈቀደው በዱር እንስሳት አዋጅ መሠረት፣ ፈቃድ ተሰጥቶ፣ በተከለለ የአደን ቀበሌ ውስጥ ብቻ መሆኑን የሚዘነጋ መሪ ካለ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት አዋጁን ያንብብ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ለእነሱ ስኮፕ የሚደገነው ለማየት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ቁጥሩን ማንበብ ይልመዱ

ስኮፑ ላይ 20-60×80 የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከ20 እስከ 60 እጥፍ ያቀርባል ማለት ናቸው፤ የመጨረሻው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሻጮች የሚያስጮሁት የመጀመሪያውን ነው፤ እርስዎ የሚያስፈልግዎት ግን የሁለቱን ግንኙነት ማወቅ ነው።

የሌንሱን ስፋት ለማጉያው ሲያካፍሉ ወደ ዐይንዎ የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ። 80ን ለ20 ሲያካፍሉ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ብሩህ ነው። 80ን ለ60 ሲያካፍሉ 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል። ባለ 60 ሚሊ ሜትሩን ስኮፕ 60 እጥፍ ላይ ካደረጉት ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ነው። የሰው ዐይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ እንኳ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚከፈት ምስሉ ይጨልማል፤ ዝርዝሩም ይደበዝዛል። አውሬ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ብርሃን በሚያንስበት ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ከ20 እስከ 40 እጥፍ ባለው ውስጥ ነው። 60 ላይ የሚያደርሱት ብርሃኑና አየሩ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ የእይታ ስፋት ነው። ተራ ባለ 80 ሚሊ ሜትር ስኮፕ በ20 እጥፍ 1,000 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሳየው 35 ሜትር ያህል ስፋት ነው፤ 60 ላይ ሲያደርሱት ግማሽ ያህል ይሆናል። የሚሮጥ ጭላዳ ወይም የሚበር ወፍ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ መከተል አይቻልም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በባይኖኩላር ያግኙ፣ በ20 ያነጣጥሩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ያቅርቡ። ስኮፕ የባይኖኩላር ምትክ አይደለም። ባይኖኩላር የሌለው ሰው መጀመሪያ እሱን ይግዛ።

ገበያው ውስጥ 80×100 ወይም ከዚያ የባሰ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው፣ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ርካሽ ዕቃዎች ሞልተዋል። እነዚህን በማስመሪያ መፈተን ይቻላል። የፊት መስታወቱን ይለኩ፤ 100 ሚሊ ሜትር የተባለው 40 እንኳ ካልሞላ የተቀረው ጽሑፍም ውሸት ነው።

ሦስተኛ፦ መስታወቱ

እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ መዋል ያለበት። ከካርቶኑ ላይ ሦስት ነገሮች ይፈልጉ። በውስጡ ያለው የፕሪዝም መስታወት ዓይነት ባክ-4 ይሁን። ሌንሶቹ ላይ የተቀባው ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን ፉሊ መልቲ ኮትድ የሚል ይሁን፤ ይህ ማለት ሁሉም የመስታወት ገጾች በበርካታ ንብርብር ተሸፍነዋል ማለት ነው። ኮትድ ብቻ ካለ ከገጾቹ ጥቂቶቹ ብቻ ሊሸፈኑ ስለሚችሉ ይጠንቀቁ። ሦስተኛው ኢዲ የሚባለው መስታወት ነው። ተራ መስታወት የብርሃንን ቀለማት እኩል ስለማይሰበስብ፣ ነጭ ወፍ በጥቁር ውኃ ላይ ሲታይ ጠርዙ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ኢዲ መስታወት ይህን ይቀንሳል፤ ጥቅሙ የሚታየውም ከ40 እጥፍ በላይ ሲያቀርቡ ነው። ዋጋ ይጨምራል፤ ከአቅም በላይ ካልሆነ ግን ጭማሪው ይገባዋል። ገንዘብ ካነሰ ከትልቅ ተራ ስኮፕ ይልቅ ትንሽ ባለ ኢዲ ይምረጡ።

ውኃ የማያስገባና ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላ መሆኑንም ያረጋግጡ። ይህ ለዝናብ ብቻ የተባለ አይደለም። ከሞቀ መኪና ውስጥ ወጥተው ሳነቲ ብርድ ላይ ሲቆሙ ናይትሮጅን የሌለው ስኮፕ ከውስጥ ላብ ያወጣል፤ ከውስጥ የሆነን ላብ ደግሞ ማንም አይጠርገውም።

መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ዐይናቸውን ሌንሱ ላይ መለጠፍ ስለማይችሉ፣ ከዐይን ሌንሱ እስከ ዐይን ድረስ ያለው ርቀት 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ይፈልጉ። ቁጥሩ በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ይገኛል።

አራተኛ፦ ቀጥ ያለ ወይስ የታጠፈ?

አንዱ ዓይነት የዐይን ሌንሱ ከቱቦው ጋር ቀጥ ያለ ነው፤ ሌላው 45 ዲግሪ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። አስጎብኚ ከሆኑ ሳያወላውሉ የታጠፈውን ይግዙ። ትሪፖዱን ዝቅ አድርገው ስለሚተክሉት ረጅሙም አጭሩም፣ ሕፃኑም ሳያስተካክሉ ተራ በተራ ያያሉ፤ ዝቅ ያለ ትሪፖድ ደግሞ በነፋስ አይናወጥም። ቀጥ ያለው በመኪና መስኮት ለሚያዩና በፍጥነት ማነጣጠር ለሚፈልጉ አዳኞች ይመቻል። ስሜን ውስጥ ብዙ የሚቆዩ ሰዎች አንድ ነገር ማሰብ አለባቸው፤ ዋልያ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከገደሉ አፋፍ ወደ ታች ነው፤ ወደ ታች ለማየት የታጠፈው ያስቸግራል። በጠቅላላው ግን ለአብዛኛው ሰው የታጠፈው ይሻላል ባይ ነኝ።

አምስተኛ፦ ትሪፖዱ

ሰዎች ስኮፑን በ400 ዶላር ይገዙና ለሞባይል የተሠራ ቀጭን ትሪፖድ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ስኮፑ አያሳይም ብለው ያማርራሉ። በ40 እጥፍ የሚያቀርብ ስኮፕ መንቀጥቀጡንም 40 እጥፍ ያጎላዋል። የሜዳ ነፋስ፣ የእጅ ንክኪ፣ አጠገብ የሚራመድ ሰው ኮቴ፣ ሁሉም ምስሉ ላይ ይታያል። ከጠቅላላ በጀትዎ ሩብ ያህሉን ለትሪፖድ ይተዉ። ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ እግሩ ወፍራም፣ ጭንቅላቱ ባንድ እጀታ ወደ ጎንም ወደ ላይም በልስላሴ የሚዞር፣ ለቪዲዮ ካሜራ የሚሆነውን ዓይነት ይፈልጉ። የመካከለኛውን ዘንግ ወደ ላይ አይምዘዙት፤ ሲመዘዝ መሣሪያው በአንድ እግር እንደቆመ ይሆናል። ነፋስ ከበረታ ቦርሳዎን ዘንጉ ላይ ያንጠልጥሉ ወይም እግሮቹን አሳጥረው መሬት ላይ ቁጭ ይበሉ።

ስድስተኛ፦ በስንት ብር ምን ይገኛል?

ዋጋው ስለሚለዋወጥ እንደ መንገድ ማሳያ ብቻ ይያዙት፤ የምጠቅሰውም የአሜሪካን ገበያ ዋጋ ነው፤ እዚህ ያለው ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን የሚያገኘው በውጭ አገር ዘመድ በኩል ነውና። ከ100 ዶላር በታች ያለውን ይለፉት። ከ100 እስከ 250 ዶላር ባለው ውስጥ የሴለስትሮን አልቲማ ዓይነቶችና የስቭቦኒ ተራ ስኮፖች ይገኛሉ፤ እስከ 40 እጥፍ ድረስ ደህና ያሳያሉ፤ ከዚያ በላይ ይደበዝዛሉ። ለጀማሪና ለትምህርት ቤት ክበብ ይበቃሉ። ከ300 እስከ 500 ዶላር ባለው አካባቢ የቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ እና የስቭቦኒ ባለ ኢዲ ስኮፖች አሉ። በሥራው እንጀራ ለሚበላ አስጎብኚ ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። ከዚህ በላይ የሚጨምሩት እያንዳንዱ መቶ ዶላር የሚያመጣው ለውጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ስዋሮቭስኪ፣ ዛይስ፣ ላይካና ኮዋ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ያለ እነሱም ግን ሥራው ይሠራል።

ዋስትናውን ይጠይቁ። ቮርቴክስን የመሰሉ አንዳንድ አምራቾች ለምርቶቻቸው የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣሉ፤ የተበላሸው ዕቃ መመለስ ያለበት ግን ወደ ውጭ አገር ስለሆነ ዕቃውን የሚያመጣልዎ ሰው ለመመለስም ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድመው ይነጋገሩ።

ሰባተኛ፦ ሳይፈትኑ አይክፈሉ

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ለአገር ቤት ሲገዙ ካርቶኑን ሳይከፍቱ ይልካሉ። እባካችሁ ክፈቱት። ፈተናው አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ስኮፑን ክንድ ያህል ከፊትዎ አርቀው ወደ ሰማይ አነጣጥረው የዐይን ሌንሱን ይመልከቱ። ትንሽ የብርሃን ክብ ይታይዎታል። ክቡ ሙሉና ጠርዙ የጠራ መሆን አለበት፤ ከጎን የተቆረጠ ወይም ማዕዘን ያለው ከሆነ ፕሪዝሙ ጥራት የለውም ወይም በትክክል አልተገጠመም። ቀጥለው ትሪፖድ ላይ አስቀምጠው ርቆ የቆመ የመኪና ሰሌዳ ወይም የሱቅ ማስታወቂያ ያንብቡ። መካከሉ ላይ ያለውን ፊደል ካጠሩ በኋላ ስኮፑን ሳያስተካክሉ ጠርዙ ላይ ያሉትን ፊደላት ያስተያዩ። ጠርዙ ላይ ትንሽ መደብዘዝ ያለ ነው፤ ግማሹ ምስል ከደበዘዘ ግን ይመልሱት። የኤሌክትሪክ ሽቦ በብሩህ ሰማይ ላይ ይመልከቱና ግራና ቀኙ ላይ ምን ያህል ቀለም እንደወጣ ይዩ። ማጉያውን ከ20 ወደ 60 ሲወስዱ ምን ያህል እንደሚጨልም፣ የማጥሪያው መንኮራኩር በጓንት እንኳ የሚዞር መሆኑን፣ ሲለቁትም ያለመንሸራተቱን ያረጋግጡ። በመጨረሻ ቱቦውን በጣትዎ ቀስ ብለው መታ ያድርጉ፤ ምስሉ ወዲያው ከረጋ ትሪፖዱ ደህና ነው።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ደግሞ በባትሪ መብራት ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ያብሩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። ሌንሱ ፊት ላይ ያለች አንዲት ቀጭን ጭረት ግን ምስሉን አትጎዳውም፤ እሷን ዋጋ ማስቀነሻ ያድርጓት።

ስምንተኛ፦ ፈቃድና ጥንቃቄ

ይህን ሳልናገር ባልፍ በደልኩዎት ማለት ነው። ባይኖኩላርና መሰል ዕቃ ይዞ የሚገባ መንገደኛ ቦሌ ላይ ጥያቄ ሊገጥመው፣ ዕቃውም ሊያዝበት ይችላል። ስለዚህ ዘመድዎ ከመሳፈሩ በፊት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከጉምሩክና ከሚመለከተው የመንግሥት ተቋም ይጠይቁ፤ ደረሰኙና የሞዴሉ መግለጫ አብሮት ይሁን። የአስጎብኚ ድርጅት ከሆናችሁ የድርጅቱን ደብዳቤ አዘጋጁ።

ከገባ በኋላም ትሪፖድ ላይ የቆመ ረጅም ቱቦ ከሩቅ ምን እንደሚመስል አይዘንጉ። ከጦር ካምፕ፣ ከአየር ማረፊያና ከኬላ አጠገብ አያውጡት። ገፈርሳ ለወፍ እጅግ ጥሩ ቦታ ነው፤ ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ለአዲስ አበባ ሰው ከሚቀርብባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ግን የከተማው የመጠጥ ውኃ ግድብ ስለሆነ መጀመሪያ ጥበቃዎቹን አነጋግረው ይተክላሉ። መታወቂያዎን ያሳዩ፣ ምን እንደሚያዩ ያስረዷቸው፤ እንዲያዩበትም ይጋብዟቸው።

አጠቃቀም

ጥሩ ሰዓት ጠዋት ከ12 እስከ 3፣ ማታ ከ10 እስከ 12 ነው። ከዚያ ውጪ በተለይ ቆላው ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ከጋለ ምጣድ በላይ እንዳለው ይንቀለቀላል። በዚያን ጊዜ የ3,000 ዶላሩም ስኮፕ አይረዳም፤ ማጉያውን ወደ 20 ይቀንሱ ወይም ጥላ ፈልገው ይረፉ። በመኪና ሞተር ክዳን ላይ አሻግረው አይመልከቱ፤ የሞተሩ ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ከሞቀ ቦታ ወደ ብርድ ሲወጡ ስኮፑ እስኪለምድ ሩብ ሰዓት ይስጡት። በየትኛውም ሁኔታ በስኮፕ ፀሐይን አይመልከቱ፤ ዐይን በቅጽበት ይጠፋል። ልጆች ባሉበት ፀሐይ ወደምትወጣበትና ወደምትጠልቅበት አቅጣጫ አያነጣጥሩ።

ፎቶ ለማንሳት የሞባይል ማያያዣ ይገዛሉ፤ ርካሽ ነው። ስልክዎ ላይ የሁለት ሰከንድ ማዘግያውን ያብሩ፤ ስክሪኑን የነኩበት መንቀጥቀጥ እስኪረጋ ድረስ ይጠብቅልዎታል።

ጽዳት ላይ አደራ። ሌንስ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ አይጠረግም። ጨርቁ ላይ ያለው አሸዋ ሽፋኑን ይፍቀዋል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን ያባርሩ፣ ቀጥለው በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ ለሌንስ በተሠራ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር እያዞሩ ይጥረጉ። በክረምት እርጥበት ባለበት ቤት የሚያስቀምጡት ከሆነ ቦርሳው ውስጥ እርጥበት መጣጭ ፍሬዎች ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ሻጋታው ቤቱን ይሠራል።

ስኮፑን ተክለው ሲያዩ አጠገብዎ የሚቆሙ እረኞች ይኖራሉ፤ ሳነቲም መንዝ ጓሳም ላይ ይህ የታወቀ ነው። እንዲያዩ ይጋብዟቸው። ማጉያውን 20 ላይ መልሰው፣ የትሪፖዱን እግሮች ጠብቀው ቆልፈው፣ ቱቦውን ሳይይዙ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንዲመለከቱ ያሳዩዋቸው። ቀበሮውን ከእርስዎ በኋላ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።